የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ የረገጠው ምንድን ነው?

ጎበዝ፣ ዘንዶ አለ ወይስ የለም?

ጥያቄው የልጅ ይመስላል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። «የለም» የሚል ሰው ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ አዋሽ ሸለቆ ይውረድና ከብት ጠባቂዎቹን ይጠይቅ፤ ፍየል ስለሚውጠው ዘንዶ ይነግሩታል። «አለ» የሚለው ደግሞ የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12ን ይክፈትና ሰባት ራስና ዐሥር ቀንድ ያለውን ቀይ ዘንዶ የት እንደምናገኘው ያሳየን። የሁለቱም ስም ዘንዶ ነው። ፈረንጆቹ አንዱን ፓይተን፣ ሌላውን ድራጎን ብለው ለያይተዋቸዋል። እኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃል ብለን እስከ ዛሬ በዚያው እንጠቀማለን። የቻይና ፊልም ላይ እሳት የሚተፋው ዘንዶ፣ ቆላ ውስጥ ጥንቸል የሚያንቀው ዘንዶ፣ ጉቦ የለመደ ባለሥልጣንም (ስም አንጠራም) ዘንዶ።

ስለዚህ በውጭው ዓለም ብዙ መጽሐፍ የተጻፈበት ጥያቄ፣ ማለትም «የዘንዶ አፈ ታሪክ ከየትኛው እውነተኛ እንስሳ መጣ?» የሚለው፣ በአማርኛ ሲጠየቅ ገና ከአፋችን ሳይወጣ የተመለሰ ይመስላል። ዘንዶ ከዘንዶ መጣ፤ አለቀ። እኛም እንደዚያ ብለን ልንተወው ነበር። ያላስተወን እንጦጦ ነው።

ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣ ሰው ያውቀዋል። ቅዝቃዜው፣ ባሕር ዛፉ፣ ቁልቁል የሚታየው ከተማ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሙዚየምም የእሳቸውንና የእቴጌ ጣይቱን ዕቃ ያሳያል። እኛን የሚመለከተን ግን የሥዕሉ ነገር ነው። በአገራችን የአሣሣል ልማድ እመቤታችን ባለችበት ቅዱስ ጊዮርጊስ አይጠፋም። በተለይ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ወዲህ፣ በታጣፊዎቹ የእንጨት ሥዕሎች ላይ እሷ በአንዱ ሳንቃ፣ እሱ በነጭ ፈረሱ በሌላው ሳንቃ መሣል የተለመደ ነው። ጊዮርጊስ ካለ ደግሞ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ያ ፍጥረት አለ። አንዳንዱ ሠዓሊ እግር ይሰጠዋል። አንዳንዱ እንደ እባብ ጠምጥሞ ይተወዋል። ክንፍ የሚያክልለትም አለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ደገኛው ሠዓሊ ይህን ፍጥረት የት አየው?

እንጦጦ ላይማ አላየውም። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዘንዶ በትምህርት ቤት መጽሐፋችን «ገበሎ አስተኔ» ከሚባሉት ወገን ነው (ይህን ቃል ከፈተና በኋላ የተጠቀመበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ)። የገላውን ሙቀት ከፀሐይ የሚበደር እንስሳ ነው፣ የእንጦጦ ሌሊት አይሆነውም። ምኒልክና ጣይቱን እንኳ ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ወደ ፍልውሃ አውርዷቸው አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ዘንዶ ምን አግኝቶ ይቀመጣል? «የጥንት ዘንዶ አጥንት ተገኝቶ ይሆናል» እንዳትሉም፣ ተራራው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ አጥንት አያስቀምጥም።

አጥንት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኦስትሪያ ውስጥ ክላገንፈርት የምትባል ከተማ አለች። አደባባይዋ ላይ የቆመው የዘንዶ ሐውልት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲጠረብ፣ ለጭንቅላቱ ሞዴል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1335 የተገኘ አንድ ትልቅ የራስ ቅል ነበር። ከተማው የዘንዶ ነው ብሎ አስቀምጦት ኖሯል። በኋላ ሲመረመር ከምድር የጠፋ ባለ ፀጉር አውራሪስ ሆኖ ተገኘ። ቼክ አገር ብርኖ ላይ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ «ዘንዶ» ተብሎ የተሰቀለ ነገር አለ፤ ቀና ብላችሁ ብታዩት ገለባ የተጠቀጠቀ አዞ ነው። እኛም ጋ ቢሆን የጥንት ገበሎ አስተኔዎች ቅሪት አልጠፋም። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ሙገር አካባቢ (አዎ፣ የሲሚንቶው ሙገር) ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በነበረ ጭቃ ውስጥ የዳይኖሰርና የአዞ ዘመዶች ጥርስ ተገኝቷል። ግን የተገኘው በአብዛኛው ጣት ላይ የሚቀመጥ ትንንሽ ጥርስ ነው። ይህን አይቶ ዘንዶ የፈጠረ ባላገር አለ ብለን አናምንም። አጥንቱ ለኦስትሪያ ይሁንላት። የእኛ ሌላ ነው።

የእኛን ለማግኘት ከቃሉ መጀመር ይሻላል።

ከሥዕሉ በፊት አንድ ንጉሥ አለ። የነገሥታት ዝርዝሮቻችን ከላይ ሲጀምሩ ሰው ሳይሆን አርዌ የተባለ እባብ ያስቀምጣሉ፤ 400 ዓመት ገዛ ይሉናል። «አርዌ» በግእዝ አውሬ ማለት ነው፣ ብዙ ሲሆን አራዊት። የዛሬው አማርኛ «አውሬ» ራሱ ያው ቃል ነው፣ ረ እና ወ ቦታ ተቀያይረው። እባብ በግእዝ «አርዌ ምድር» ይባላል፣ የምድር አውሬ። ስለዚህ የመጀመሪያው ንጉሣችን ስም «አውሬው» ነው። (የሌላ አገር ሰው የመጀመሪያ ንጉሡን በዚህ ስም ሲጠራ አልሰማንም። ታሪካችን ቢያንስ ስለ ሥልጣን ግልጽ ነው።)

ታሪኩ አርዌን ሲለካው አይሣሣም። ርዝመቱ 170 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ፣ ጥርሱ አንድ ክንድ፣ ዐይኑ የእሳት ነበልባል። ክንድን ግማሽ ሜትር ብናደርገው 85 ሜትር ይመጣል፤ ከኳስ ሜዳ ትንሽ ቢያንስ ነው። ሕዝቡ በየቀኑ ከብትና ፍየል ያቀርብለታል፣ በአንዳንዱ ትረካ ልጃገረድም ይጨመርበታል። አማርኛ «ግብር» ሲል የሚከፈለውንም የሚበላውንም በአንድ ስም መጥራቱ እዚህ ላይ ትዝ ይላል። በመጨረሻ አንጋቦ የሚባል ሰው መጣ። አጋቦስም ይሉታል። ከሕዝቡ ጋር «ከገደልኩት ታነግሡኛላችሁ» ብሎ ተዋዋለ፣ ለፍየሏ መርዝ አጠጣ፣ ፍየሏን ለአርዌ አበላ። አርዌ ሞተ፣ አንጋቦ ነገሠ፣ ልጁም ማክዳ፣ ንግሥተ ሳባ ሆነች። የዕደ ጥበብ ሱቆች ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚሸጠውን፣ ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ያለውን የሳባ ሥዕል አይታችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች አስተውሉ። ሰሎሞን ገና ሳይመጣ ያ እባብ አለ፣ ያቺም ፍየል አለች።

ይቺን ፍየል እንያዛት። አብዛኛው ሰው ታሪኩን ሲያነብ በ170ው ክንድ ይደነግጣል። እኛን የገረመን ግን ፍየሏ ናት። ለምን ጦር አልወረወረም? ለምን እሳት አልለቀቀም? ምክንያቱም ታሪኩን መጀመሪያ ያወራው ሰው የሚያውቀው እንስሳ ምግቡን አያኝክም። ዘንዶ መርዝ የለውም። ያደፍጣል፣ በጥርሱ ይይዛል፣ ይጠመጠማል፣ ያደነው መተንፈስና ደሙ መዘዋወር ሲያቆም ከራሱ ጀምሮ ሙሉውን ይውጠዋል። ሥጋውን አይቆርጥም፣ ሆዱን ከፍቶ አያይም። የሚውጠው ነገር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይወስዳል። ለእንዲህ ያለ እንስሳ መርዝ የጠጣች ፍየል በትክክል የታሰበች ወጥመድ ናት። ልኩ የተጋነነ ነው፣ ጠባዩ ግን ቆላ ወርዶ በዐይኑ ካየ ሰው የመጣ ይመስለናል። አፈ ታሪክ ውስጥ ቁጥር በየተራኪው አፍ ይወፍራል፤ እንዲህ ያለ የሥራ ዕውቀት ግን ዝም ብሎ አይፈጠርም።

ታሪኩ መልኩን ሲቀይርም እናያለን። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የትግረ ትረካ ውስጥ ፍየሏ የለችም። እትዬ አዜብ የምትባል ልጃገረድ ለዘንዶው ዛፍ ላይ ታስራለች። ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ሥር ሊያርፉ ይመጣሉ፣ ዘንዶውን ይገድሉታል። ደሙ ተረከዟ ላይ ይንጠባጠብና እግሯ የአህያ ኮቴ ይሆናል። ወደ ሰሎሞንም የምትሄደው ይህን ለመፈወስ ነው። ልጃገረድ፣ ዛፍ፣ ቅዱስ፣ ዘንዶ። የማን ታሪክ እንደገባ ግልጽ ነው፣ ብሩታዊትና ጊዮርጊስ አክሱም ደርሰዋል።

ጊዮርጊስ ራሱ ደግሞ ሁልጊዜ ዘንዶ አልነበረውም። የጥንቱ ገድሉ የሰማዕት ገድል ነው። የንጉሥ ዱድያኖስ ስቃይ፣ ሰባት ዓመት፣ ሦስት ጊዜ ሞቶ መነሣት። ዘንዶው በሥዕልና በተአምር ከታሪኩ ጋር ተጣብቆ የሚታየው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወዲህ ነው። በቅብጥ ጽሑፍ ዱድያኖስ ራሱ «ዘንዶ» ተብሎ ተሰድቧል፤ አንዳንድ ሊቃውንት ስድቡ ቀስ በቀስ እግርና ጅራት አወጣ ይላሉ። የልጅቷ ስም ብሩታዊት መሆኑም የቤሩት ሰው ለማለት ነው። ላሊበላ ቤተ ማርያም ምዕራባዊ በር ላይ በድንጋይ የተቀረጹት ፈረሰኞች ከነአውሬያቸው ሥዕሉ ወደኛ ቀድሞ እንደገባ ያሳያሉ። እና እዚህ ላይ አዞ ይመጣል። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ የሄደ፣ የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሚባል ቅርጽ አለ። የጭልፊት ራስ ያለው ሆሩስ እንደ ሮማ ወታደር ለብሶ በፈረስ ላይ ሆኖ የሚወጋው አዞ ነው። ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ወደ ታች የተዘረጋው ክንድ ቁርጥ ጊዮርጊስ። እንግዲህ ከፈረሱ ሥር ያለው ፍጥረት እግርና ረጅም አፍ ሲኖረው የአባይ አዞ ዘመድ፣ ሲጠመጠም የቆላ ዘንዶ ዘመድ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። የቢራው ጠርሙስ ላይ ያለውን ከዚህ ጋር ማስተያየት ለአንባቢ ትተናል። ፋብሪካው ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ጊዜ አላችሁ።

አሁን ደግሞ ከውጭ እንየው፣ ምክንያቱም የዓለም ዘንዶ አንድ እግሩ ከእኛ አካባቢ ነው።

ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ማለታቸው ነበር፣ የዛሬውን ሱዳን፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ እያጠቀለሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ ሁለተኛ ለጦርነት ዝሆን የሚያጠምዱ አዳኞች ወደዚህ ይልክ ነበር። ብርቅ እንስሳ ላመጣለትም ሽልማት አለው። ዲዮዶሮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው አዳኞቹ ውሃ ዳር 30 ክንድ የሚሆን እባብ አዩ። ተጠምጥሞ ጸጥ ይላል፤ እንስሳ ሊጠጣ ሲመጣ ብድግ ብሎ ይይዘዋል። መጀመሪያ በገመድ ሊይዙት ሄዱ። አንዱን በአፉ አነሣው፣ ሌላውን በጅራቱ ጠምጥሞ ጨረሰው፣ የቀሩት ሮጡ። ሁለተኛው ዕቅድ ግን የብልሆች ነው። ከጉድጓዱ ሲወጣና ሲመለስ ሰዓቱን አጠኑ። ወጥቶ ሳለ ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈኑ፣ አጠገቡ ሌላ ቀዳዳ ቆፈሩና በልኩ የተጎነጎነ ትልቅ የሸምበቆ ቅርጫት ከተቱበት። ሲመለስ ቀስተኛው፣ ወንጫፊው፣ ፈረሰኛው፣ መለከት ነፊው አንድ ላይ ጮኸበት። ደንግጦ ቤቴ ነው ብሎ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። እስክንድርያ ወስደው በረሃብ አገሩት፣ ንጉሡም ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች ያሳየው ነበር።

30 ክንድ 13 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የአፍሪካ ዘንዶ በብዛት ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው፣ ከ6 ሜትር ያለፈው ብርቅ ነው። ስለዚህ ዲዮዶሮስ ወይም የነገሩት ሰዎች እጥፍ አድርገው ጨምረዋል። የቀረው ሁሉ ግን፣ ውሃ ዳር ማድፈጡ፣ መጠምጠሙ፣ ጉድጓድ መልመዱ፣ የዛሬ የእንስሳት ተመራማሪ የሚጽፈው ነው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ የኢትዮጵያን ዘንዶዎች 20 ክንድ አድርጎ ቀነሳቸው፣ ግን ስለ ህንድ ዘንዶዎች ዝሆን ሲያንቁ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ እንስሳውን ያየ ሰው ጠፍቶ መጽሐፍ መጽሐፍን መቅዳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1640 ቦሎኛ ላይ በታተመው የአልድሮቫንዲ የእባቦችና የዘንዶዎች መጽሐፍ ውስጥ «የኢትዮጵያ ዘንዶ» ሁለት እግርና ክንፍ አውጥቶ ይገኛል። የቆላ እባባችን አውሮፓ ደርሶ ክንፍ አብቅሏል። በዚያው ዘመን የአውሮፓ ሥዕል ወደኛ ይመጣ ስለነበር፣ አንዳንዱ ሠዓሊያችን የሣለው ክንፍ ዞሮ የተመለሰ የራሳችን ዘንዶ ሊሆን ይችላል። ይህን የምንለው እንደ ግምት ነው፤ ግን ግምቱን ወደነዋል።

ሁሉም ዘንዶ ግን ጠላት አይደለም። ደብረ ዳሞን አስታውሱ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ አረጋዊ ያን ቀጥ ያለ ገደል የወጡት ዘንዶ ተሸክሟቸው፣ በጅራቱ ይዟቸው ነው ይላል ገድላቸው። ዛሬም ወንዶች 15 ሜትር ያህሉን የሚወጡት በተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው (ሴቶች አይወጡም፣ እህቶቻችን በዚህ ላይ ያላቸውን አስተያየት እናውቃለን)። ጥቅምት 14 በሚከበረው በዓላቸው ሥዕሉን ብታዩ ዘንዶው ጦር የለበትም፣ ፊቱም የዋህ ነው። ቋጥኝ ላይ የሚተኛና የሚሳብ ትልቅ እባብ ለሚያውቅ ሰው ይህም እንግዳ አይደለም። እንስሳው ያው ነው፣ አንዱ ቦታ ንጉሥ፣ አንዱ ቦታ ሰይጣን፣ አንዱ ቦታ መሰላል ሆኗል።

እውነተኛው ዘንዶ ስለ ራሱ ምን አለው? ሴቷ በአስር የሚቆጠሩ እንቁላሎች ጥላ እስኪፈለፈሉ ድረስ ሦስት ወር ያህል ተጠምጥማባቸው ትቆያለች። (በብዙ አገር ተረት ውስጥ ሀብት ላይ ተጠምጥሞ የሚጠብቀው ዘንዶ ከዚህ የመጣ ቢሆንስ?) ሰውን ማጥቃቱ እጅግ ጥቂት ነው። አይጥና ጥንቸል ይበላል፣ ፍየልም አይምርም። ባሕር ዳር ጣና ዳርቻ ላይ የሚታየው አርጃኖም በሰዉ አፍ ክፉ ነው፣ በተግባር ግን እንቁላል ሌባና አሣ በል ነው። ጣና ውስጥ ደግሞ አዞ የለም፣ አዞው ከጢስ እሳት ፏፏቴ በታች ቀርቷል። ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው ዱላ ያነሣል። የሥዕሉ ዕዳ የሚከፈለው በእነዚህ ነው።

ሰው የሚገድለው ደግሞ ሥዕል ላይ የለም። እፉኝት አጭርና ወፍራም ናት፣ ቅጠል መስላ ትተኛለች፣ ስትረገጥ ትነክሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በዓለም በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል። በእኛ አገር ከሚመታቸው መካከል ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወደ ሑመራና መተማ የሚወርዱ ወጣቶች አሉ። ማታ መሬት ላይ ይተኛሉ፣ ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው ወይም በላስቲክ ጫማ ይሠራሉ። አብዱራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች እነዚህን ልጆች ሲያክሙ ቆይተዋል። ዕድሜያቸው የእኛው ነው።

ስለ እፉኝት ካነሣን፣ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኙ ሁለት ትልልቅ የእፉኝት ዝርያዎች አሉ። የመጀመሪያዋ፣ በጥቁር ላይ አረንጓዴና ቢጫ ጌጥ ያላት፣ ሳይንስ ስም የሰጣት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሁለተኛዋ የባሌው ሐረና ደን ነዋሪ ናት፣ ከሌላዋ የተለየች ዝርያ መሆኗ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ሳይንሳዊ ስሟም ከደኑ ስም የተወሰደ ነው። ፕሊኒ ስለ ኢትዮጵያ ዘንዶዎች ከጻፈ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው።